ሻይ ምግብ አይደለም

ሐጅ ባቢክር በዕድሜያቸው ባቡር አስረፍደው አያውቁም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከአትባራ ፖርት ሱዳን፣ ከአትባራ ዋዲ ሐልፋ ሲነዱ፣ አሸዋ ሐዲዱን የቀበረበት ቀን እንኳ ከረዳታቸው ጋር አካፋ ይዘው ወርደው፣ ጠርገው፣ በሰዓቱ ገብተዋል። እንዲህ ያለ ሰው በስተርጅና የገዛ ደሙ አልታዘዝ ሲለው ምን ይሰማዋል? ሐጅ ባቢክር የተሰማቸው ንዴት ነው። ሐዘን ቢሆን በተሻለ። ያዘነ ሰው አንድ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ የተናደደ ሰው ግን እሱም አያርፍ፣ ቤቱንም አያሳርፍ።

ነገሩ የዓይን ነገር ነው። ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፎታል። ቀኙን ደግሞ ሞራ እየጋረደው፣ ፊታቸው የቆመን ሰው ቁመቱን እንጂ መልኩን የማይለዩበት ደረጃ ደርሰዋል። በየዓመቱ ሙቀቱ ጋብ ሲል የዓይን ሐኪሞች ለሁለት ሳምንት ይመጡና የባቡር ሠራተኞች ክበብ አዳራሽ ውስጥ የሰዉን ሞራ ይገፋሉ። አምና የመጡ ጊዜ ሐጅ ባቢክር «ዓይኔ ምን ሆነና» ብለው ቀሩ። ጓደኛቸው ታጅ አልሲር ግን ሄደ። ታጅ አልሲር በእሳቸው ባቡር ላይ ቲኬት ፈታሽ የነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ ገበያው ዳር ጡረተኞቹ በሚሰበሰቡባት የኒም ዛፍ ሥር ጋዜጣውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ከሩቅ የሚመጣውን ሰው ከነአባቱ ስም ይጠራል፤ የዝንቧን ዕድሜ እለያለሁ ማለት ብቻ ነው የቀረው።

ዘንድሮ ሐጅ ባቢክርም ጥርሳቸውን ነክሰው ተመዘገቡ። ሐኪሙ በባትሪ አየት አደረጋቸውና እቅጩን ነገራቸው፤ ይህ ዓይን እስከ መጪው ዓመት አይጠብቀንም አለ። ግን አንድ ነገር ይቀድማል፤ በባዶ ሆድ የተለካ የደም ስኳር። ከመቶ አርባ በላይ የሆነ ሰው ቁስሉ ስለማይድን ቢላዋ አያርፍበትም፣ የዓመት ሰው ይሁን ነው ሕጉ። ወረቀት ጽፈው ሰጧቸው። ወደ ደም ምርመራው ቤት ሲሄዱ እዚያም ሌላ ወረቀት ተሰጣቸው። ሁለቱንም አጥፈው የጀለቢያቸው የደረት ኪስ ውስጥ ከተቱ።

ሚስታቸው ሲትና የምርመራው ወረቀት ምን ይላል ስትል ጠየቀች። ቁርስ ሳትበላ ና ነው የሚለው አሏት። ይህን ያሉት ወረቀቱን አንብበው አይደለም፤ ጸሐፊው በአፉ የነገራቸውን ነው የደገሙት። ወረቀቱ ለእሳቸው ዓይን የተደፋ ጥቁር አዝሙድ ነበር። ደግሞ የወረቀት ጸሐፊዎች አባዜ ነው መሰለኝ፣ ሽማግሌ እንዲያነበው የሚፈልጉትን ነገር ሁሉ ይበልጥ አሳንሰው ነው የሚጽፉት። ሲትና ፊደል አልቆጠረችም። በዚያ ቤት ማንበብ የሐጅ ባቢክር ሥራ ነበር፤ ደብዳቤም፣ የመብራት ወረቀትም፣ የመድኃኒት ብልቃጥም። «አላየሁም» ከማለት ያቺው የቀረችው ዓይን ብትጠፋ የሚመርጡ ይመስሉ ነበር።

ሲትና ግን ታውቃለች። የአጎታቸው ልጅ ናት፤ ልጅ ሆነው አንድ ግቢ ነው ያደጉት፣ የማታውቀው ነገር የላቸውም። በልጅነቷ ስትራመድ ኮቴዋ የማይሰማ ሴት ነበረች። አሁን ግን ከባሏ ጋር መንገድ ስትወጣ ሁለት እርምጃ ትቀድምና ጫማዋን መሬት ላይ እየጠፈጠፈች ትሄዳለች፤ እሳቸው ድምፁን ተከትለው ይሄዳሉ። ጎረቤት «ሲትና ስትመጣ ከበሮ የመጣ ይመስላል» እያለ ይስቅባታል። ስለዚህ ነገር ባልና ሚስቱ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። እጇን ይዘው መሄድማ የማይታሰብ ነው። ሺህ ሰው ጎትቶ በረሃ ያሻገረ ሰው በገበያ መሃል በሚስቱ ይመራ?

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ሲትና እንደ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ልማድ በትልቁ ብርጭቆ የወተት ሻይ ይዛ መጣች። ከጎኑ ዘይቱ ገና የሚንጫጫ ለቀመት፣ ያ ክብ ክቡ የሊጥ ጥብስ። ሐጅ ባቢክር ሻዩን ተቀበሉና ለቀመቱን በእጃቸው ገፋ አደረጉት፤ በባዶ ሆድ ነኝ፣ ውሰጂው አሏት፤ የሰማዕት ድምፅ ነበር። ሻዩ ከወትሮው ጣፈጥ ያለ መሰላቸው። ደስ አላቸው፣ ምንም አልጠየቁም።

በምርመራው ቤት ደም የምትቀዳው ኢኽላስ የምትባል ቀልጣፋ ሴት ናት። ከትናንት ወዲህ ምን ቀመሱ ስትል ጠየቀቻቸው። ከትናንት እራት ወዲህ እህል በአፌ አልዞረም አሏት፤ ደግሞም እውነታቸውን ነው። ክንዳቸውን በጎማ አሰረች፣ ጭብጥ ያድርጉ አለች፣ በጣቷ የደም ሥራቸውን መታ መታ አደረገችና መርፌውን አስገባች። ትንኝ ከነከሰችው የሚብስ ነገር አልነበረም። ጥጥ ጫነችበትና አምስት ደቂቃ ይዘው እንዲቆዩ፣ እንዳያሹት ነገረቻቸው። ሐጅ ባቢክር አምስቷን ደቂቃ በልባቸው ቆጠሩ። ይህ ነው እንዴ ሰው የሚፈራው ብለው አሰቡ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ በመስኮት ውጤት የሚሰጠው ሰው ስማቸውን ጠርቶ መቶ ስልሳ ሁለት አለ።

በዘራቸው ስኳር የሚባል በሽታ ኖሮ አያውቅም። አባታቸው በዘጠና ዓመታቸው የሞቱት ከግመል ወድቀው ነው። ስለዚህ ስሕተቱ የወረቀቱ ነው አሉና እሑድ ተመለሱ። ይህን ጊዜ ጥንቃቄያቸውን አጠበቁ፤ ቅዳሜ ማታ እራታቸውንም ተዉት። ሲትና ብትለምን ብትለምን ጉርሻ አልቀመሱም። ሆዳቸው ሌሊቱን እንደ አሮጌ ሞተር ሲያጉረመርም አደረ። ጎሕ ሲቀድ ሻያቸውን ጠጡ፣ ሄዱ። እራቱን ሲተዉ ውኃም አልጠጡ ኖሮ የደም ሥራቸው ተደበቀ። ኢኽላስ ሦስት ቦታ ወጋቻቸው። በሦስተኛው አገኘችና፣ ውኃ አይከለከልም፣ ሲመጡ ደህና አድርገው ይጠጡ፣ ደም ሥሩ ይወጣልዎታል አለቻቸው። ቀድማ ብትነግረኝ ምን ነበረበት ሲሉ በውስጣቸው በገኑ።

መቶ ሰባ አንድ።

እራት ተውኩ፣ ስኳሩ ጨመረ! ይህ ነው ያብሰለሰላቸው። ሰኞ ቀን ኒም ዛፉ ሥር ታጅ አልሲር ጋዜጣውን አቀበላቸው። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ዘርግተው፣ አንገታቸውን እየነቀነቁ፣ ገጹን በጊዜው እየገለጡ ቆዩ። ታጅ አልሲር ቁርጥህን እወቅ፣ ስኳር ነው የያዘህ፣ ስንቱን ጎበዝ የጣለ ነው እያለ ያጽናናቸዋል፤ የሱ ማጽናናት ከስድብ ይብሳል። የምዝገባው ወረቀት የሚሰበሰበው መቼ እንደሆነ ሲያነሡ ግን ደህና ነገር ነገራቸው፤ ረቡዕ ነው፣ አምና እስከ ዙህር፣ እስከ ቀትሩ ስግደት ድረስ ነበር አለ። ስለዚህ ማክሰኞ አንድ፣ ካስፈለገም ረቡዕ ጠዋት አንድ፣ ሁለት ዕድል ቀርቷቸዋል።

ማክሰኞ ጎሕ ላይ ሐጅ ባቢክር ከዚሩ፣ ከውኃው ጋን፣ ሦስት ጣሳ ውኃ ቀድተው ጠጡ። ውኃ አይከለከልም ተብሏላ። ከዚያ ሻያቸውን ጠጡ፤ ውኃ ካልተከለከለ ሻይስ የፈላ ውኃ አይደል እንዴ ብለው ሁለተኛ ብርጭቆ አስጨመሩ። ደም ሥራቸው ገመድ አክሎ ወጣ። ኢኽላስ እንኳን ደስ አለዎት አለቻቸው፤ በአንድ ጊዜ አገኘችው። በኩራት ወጥተው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

መቶ ሰማንያ ስምንት።

እዚህ ላይ ደማቸው ፈላ። ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ደቁሰው ተነሡና ያ ሁሉ ተራ ጠባቂ እየሰማ መስኮቱ ላይ ጮኹ። ሚዛን ሰርቆ የሚሸጥ ነጋዴ ይሻላል፣ እሱ የሚሰርቀው እህል ነው፣ እናንተ የሰው ዓይን ነው የምትሰርቁት አሉ። መሣሪያችሁ አሮጌ ነው፣ ሠራተኞቻችሁ ትናንት የተወለዱ ናቸው፣ ሌላ ቦታ ወስዳችሁ አስለኩልኝ አሉ። የእምዬን ወደ አብዬ ይሉሃል ይህ ነው፤ ግን እሳቸው ይህን አያውቁም፣ ከልባቸው ነው። ሲትና ከኋላቸው ቆማ የተከናነበችውን ቶብ ጫፍ ትጠመዝዛለች።

ኢኽላስ ጓንቷን እያወለቀች ወጣች። አልተቆጣችም፤ ደክሟታል።

«ሐጅ፣ የሰጠንዎትን ወረቀት አንብበውታል?»

«እናትሽ ሳትወለድ የባቡር ትእዛዝ ሳነብ ነበር።»

«እንግዲያው ሦስተኛውን መስመር ያንብቡልኝ።»

ሐጅ ባቢክር ወረቀቱን ከኪሳቸው አወጡ። ዘረጉት። አራቀው ያዙት፣ አቀረቡት። ከዚያም ድምፃቸውን እንደ ጣቢያ አስተዋዋቂ አስተካክለው፣ «ቁርስ ሳይበሉ ይምጡ» አሉ።

ኢኽላስ የእጃቸውን ወረቀት አየች፣ ፊታቸውን አየች፤ መስመሩ የሚለው ሌላ ነው። ይህን ጊዜ ሲትና ቶቧን ለቀቀችና ወደ ፊት መጣች።

«ልጄ፣ አንቺ አንብቢልን» አለች። «እሱ አያይም። እኔ ደግሞ ፊደል አልቆጠርኩም።»

ሐጅ ባቢክር በሐዲድ ላይ ብዙ ነገር ደርሶባቸዋል፤ ባቡር ተገልብጦባቸው ያውቃል። እንዲህ ያለ ግን ደርሶባቸው አያውቅም። ጆሯቸው ጋለ። ወረቀቱ ከእጃቸው ሲወሰድ ለቀቁት።

ኢኽላስ ጮክ ብላ አነበበች፤ ምናልባት አውቃ ይሆናል ጮክ ያለችው። ከእራት በኋላ ቢያንስ ስምንት ሰዓት፣ ቢበዛ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከንጹሕ ውኃ በስተቀር ምንም ወደ አፍ አይገባም። ሻይ፣ ወተት፣ ጭማቂ፣ ከረሜላም ቢሆን አይወሰድም።

«ሻይ?» አሉ ሐጅ ባቢክር።

«ጠጥተው ነው የመጡት?»

«ሻይ ጠጥቶ ያልወጣ ሰው አለ እንዴ? ሻይ ምግብ አይደለም።»

ኢኽላስ ግንባሯን በእጇ ያዘች። በስተግራ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ ድምፁን ሳያሰማ ተነሣና ወጣ። ቀጥሎ አንዲት ወፍራም ሴት ቦርሳዋን አነሣች። ቀጥሎ ሁለት ወንድማማቾች። ከዚያ የመስኮቱ ሰው ሳቁን መቆጣጠር እስኪያቅተው ድረስ ግማሹ ተራ ጠባቂ እያሳለ፣ ጉሮሮውን እየጠረገ፣ በሩን ይዞ ወጣ። ሁሉም ሻዩን ጠጥቶ ነው የመጣው።

«በረመዳን ሻይ ይጠጣሉ ሐጅ? ቀን በፀሐዩ?» አለች ኢኽላስ።

«አዑዙ ቢላህ!»

«እንግዲያው ነገ በረመዳን እንደሚሆኑት ሆነው ይምጡልኝ። ውኃ ብቻ ይጠጡ። ሌላ ምንም አልልዎትም።»

እንደዚህ አጥርቶ የነገራቸው ሰው አልነበረም። በቅዳሜው ቀን ይህችን አንዲት ቃል ቢሰሙ ኖሮ አራት ቀን አይቃጠሉም፣ ክንዳቸውም ወንፊት አይሆንም ነበር። ግን ሰው ለሰው የሚነግረው ነገር አጭር ሆኖ ሳለ ለምን በወረቀት እንደሚደብቀው እንጃ።

ወደ ቤት ሲመለሱ የሲትና ጫማ ከፊት ይጠፈጥፋል። ሐጅ ባቢክር ሆን ብለው ወደ ኋላ ቀሩ። ስለ ሻዩ አይደለም የተቃጠሉት። ሻዩስ ሻይ ነው። በሰው ፊት «አያይም» መባላቸው ነው። በራቸው ላይ ሲደርሱ ሲትና ዞር አለችና ሌላ ነገር ጨመረች፤ ሰው አንዴ መናገር ከጀመረ ማቆም ያቅተዋል። በምርመራው ጠዋቶች ሁሉ፣ ደምህ ሊቀዳ ነው፣ ሆድህም ባዶ ነው ብዬ አዝኜ፣ ሻይህ ላይ ስኳር ስጨምር ነበር አለች። ቅዳሜ አንድ ማንኪያ። እሑድ እራት ስላልበላህ ሁለት። ዛሬ ደግሞ በሁለቱም ብርጭቆ ሁለት ሁለት።

ሐጅ ባቢክር ግድግዳውን ተደገፉ። ሊስቁም ሊጮኹም ይችሉ ነበር፤ ጮኹ። እኔን አጥፍተሽኛል አሏት፣ ዓይኔን በማንኪያ ነው ያወጣሽው አሏት። ይህን ሁሉ ጫማዋን እያወለቀች ሰማች። ከዚያ በሰው ፊት አዋረድሽኝ ሲሏት ግን ቀና አለች።

«የአጎቴ ልጅ» አለች፣ «እንደማታይ አትባራ ሁሉ ያውቃል። ያልሰማኸው አንተ ብቻ ነህ።»

ምሽት ላይ እራት በሉ። ከእራት በኋላ ሲትና ነገ ጎሕ ላይ እጇ በልማድ እንዳይከዳት የስኳሩን ቆርቆሮና የሻዩን ቅጠል ጠቅልላ ለጎረቤቷ ወሰደችና እስከ ነገ አስቀምጭልኝ አለቻት። ጎረቤቷ ምንም አልጠየቀችም። ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ግን በሩ ተንኳኳ፤ ጎረቤትየዋ ናት፣ በትልቅ ፔርሙዝ የወተት ሻይ ይዛ። ምድጃችሁ ተበላሽቶባችሁ ነው ብዬ እኔው አፍልቼ አመጣሁላችሁ አለች። ሽታው ግቢውን ሞላው። ሐጅ ባቢክር አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ምራቃቸውን ዋጡ። ሲትና ፔርሙዙን ተቀብላ፣ አመስግና፣ ጎረቤትየዋ እንደወጣች በጓሮ ደፋችው። እሷም ያን ጠዋት ሻይ አልጠጣችም፤ ራሷን እያመማት ጫማዋን አጠለቀች።

ደሙ በአንድ ጊዜ ተቀዳ። ኢኽላስ ምንም አልጠየቀቻቸውም፤ ጥጡን ስትጭንላቸው ብቻ ትከሻቸውን መታ አደረገቻቸው። ውጤቱ ሲወጣ የመስኮቱ ሰው ስማቸውን ጠርቶ ወረቀቱን ሰጣቸውና ቀጣዩን ጠራ። ቁጥሩስ አሉት። በአፍ መናገር ከትናንት ወዲህ ቀርቷል ሐጅ፣ ጠብ እያመጣ ተቸገርን አላቸው። ጠቡን ያመጣው ማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ኢኽላስ ውስጥ ናት፣ በሩ ላይ ሃያ ሰው ቆሟል። ሐጅ ባቢክር ወረቀቱን ይዘው ወጡ።

እንግዲህ አስቡት። ባል ፊደሉን ያውቃል፣ አያየውም። ሚስት ታየዋለች፣ አታውቀውም። በሁለቱ መሃል የአንድ ዓይን ዕጣ የተጻፈባት የመዳፍ ስፋት ያላት ወረቀት አለች። ሲትና ወረቀቱን ተቀብላ አገላበጠችው፤ ሁለት ቁጥር ይመስለኛል፣ ሦስትም ሊሆን ይችላል አለች። ከዚያ ጫማዋ ወደ ክበቡ መንገድ መጠፍጠፍ ጀመረ። ሐጅ ባቢክር ተከተሏት። የኒሙ ዛፍ ጋ ሲደርሱ የታጅ አልሲር ድምፅ ከሩቅ ስማቸውን ጠራ፤ ማየቱን ለማሳየት ነው የሚጠራው ሁልጊዜ።

ሐጅ ባቢክር ቆሙ። ሌላ ቀን ቢሆን ሰላምታ ሰጥተው ያልፉ ነበር። ወደ ዛፉ ዞሩ። ከዘራቸው የወንበሩን እግር እስኪነካ ሄዱና ወረቀቱን ዘረጉ።

«ታጁ፣ አንብብልኝ።»

«መነጽርህን ረሳህ እንዴ?» አለ ታጅ አልሲር እየሳቀ።

«መነጽር አይደለም። አላይም። ጋዜጣህንም ዓመት ሙሉ አንብቤው አላውቅም።»

ከጡረተኞቹ አንዱ የያዘውን የመጫወቻ ካርታ አስቀመጠ። ሐጅ ባቢክር ታጅ አልሲር ያፌዛል ብለው ጠብቀው ነበር፤ አላፌዘም። ወረቀቱን ተቀበለና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዘጠና ሰባት» አለ። «ባቢክር፣ ዘጠና ሰባት ነው የሚለው።»

ሲትና እልል ልትል አፏን ከፍታ ዘጋችው። ሐጅ ባቢክር ደስታቸውን ሳያጣጥሙ የትናንቱ ሦስተኛ መስመር ትዝ አላቸው። እጃቸውን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ሰደዱና ሌላውን፣ የዓይን ሐኪሞቹን ወረቀት አወጡ። ሳይነበብ ሳምንት ሙሉ እዚያው ታጥፎ የኖረ ነው።

«ይህንንም። እስከ ታች ድረስ።»

ታጅ አልሲር አነበበ። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀኝ ዓይን። ከዚያ ድምፁ ቀስ አለ። የደም ውጤት ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት ካልቀረበ ተራው ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል ይላል አለ።

«ዙህር አላልክም እንዴ?»

«አምና ነበር ዙህር።»

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«ለአራት አሥራ አምስት ጉዳይ።»

በአስፋልቱ ቢኬድ፣ ባጃጁ ማቋረጫውን ዞሮ ነው የሚደርሰው፤ ማቋረጫው ላይ ደግሞ በዚህ ሰዓት የዕቃ ባቡር ይቆማል፤ ይህን ከሐጅ ባቢክር በላይ የሚያውቅ የለም። አቋራጩ በባቡር ግቢው ውስጥ፣ በሐዲዶቹ ላይ ነው። ስምንት ሐዲድ፣ በመሃላቸው ጠጠርና የተጋደመ ብረት። የጫማ ድምፅ ተከትሎ እዚያ የሚገባ ዕውር አንገቱን ይሰበራል። ሲትና ሁለት እርምጃ ቀድማ ጫማዋን መጠፍጠፍ ጀምራ ነበር።

ሐጅ ባቢክር ከዘራቸውን ለታጅ አልሲር ሰጡትና እጃቸውን ዘረጉ።

«ነይ ያዥኝ» አሉ።

ገበያው እያየ፣ ጡረተኞቹ እያዩ ያዘችው። እጇ በላብ እርሷል፣ እንደ ልጅ እጅ አጥብቆ ያዘ። ግቢው ውስጥ ሲገቡ ማየቱ የሷ ሆነ፣ ማወቁ የሳቸው። የመጀመሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ ቀጥሎ ሁለት እርምጃ አለ፣ ሦስተኛውና አራተኛው ተጠጋግተዋል፣ ስድስተኛው ላይ ሁልጊዜ ዘይት አለ፣ እንዳያንሸራትትሽ ይሏታል። እሷ ደግሞ ብረት አለ፣ እግርህን አንሣ፣ ወደ ቀኝ ትላቸዋለች። አንድ የሐዲድ መዘውር ዘዋሪ ከሩቅ ሐጅ ባቢክር ናቸው እንዴ ብሎ ጮኸ። ስምንተኛውን ሲሻገሩ አንድ ጫማዋ ጠጠሩ ውስጥ ቀረ፤ አልተመለሰችም።

የክበቡ አዳራሽ በር ላይ ጸሐፊው መዝገቡን እየከደነ ነበር። ሲትና ወረቀቱን ከአፍንጫው ሥር ደቀነችለት። ሰዓቱን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ ተነፈሰና መዝገቡን መልሶ ከፈተው። ሦስት ደቂቃ ይቀራችኋል አለ። ስሙን ጻፈ፣ ቁጥሩን ገለበጠ፣ እስክሪብቶውን ለሐጅ ባቢክር አቀበላቸው። እዚህ ታች ላይ ይፈርሙ፣ ከቀይዋ መስመር ላይ አለ።

ከሳምንት በፊት ሲመዘገቡ እንዲሁ ፈርም ተብለው ነበር። ያን ጊዜ በግምት ጫር አድርገው፣ ቀና ብለው ሄደዋል። አሁን እስክሪብቶውን ይዘው ቆሙ። ከእግር እስከ ራሳቸው ላብ በላብ ሆነዋል፣ ጀለቢያቸው በባቡር ዘይት ተነክሯል።

«መስመሯን አላያትም ልጄ» አሉ።

ጸሐፊው መዝገቡን ሊያዞርላቸው ሲል ሲትና ቀደመችው። ፊደል አታውቅም እንጂ ቀይ ቀለም ታውቃለች። የባሏን እጅ ያዘችና የእስክሪብቶውን ጫፍ ከመስመሯ መነሻ ላይ አሳረፈችላቸው። ሐጅ ባቢክር ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው ጻፉ፤ ከመስመሯ ወጥቶ እስከ ወረቀቱ ጫፍ ሄደ። ጸሐፊው መዝገቡን ከደነ። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ይምጡ፣ በባዶ ሆድ አለ፤ ቀና ብሎ አያቸውና፣ ሻይም ቢሆን አይቀመስም ሲል ጨመረ።